ሁለተኛው ስም፣ ሁለተኛው ቀዳዳ፦ የፓልም ቢች የቢራቢሮ ድምፅ መስጫ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2000፣ በእኛ ጥቅምት 28 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ድምፅ መስጠቱ ገና ሳያበቃ በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት በፓልም ቢች ካውንቲ ላሉ የምርጫ ጣቢያዎች አንድ አጭር ማስታወሻ ተበተነ። ሠራተኞቹ ለሚመጣው መራጭ ሁሉ እንዲያሳስቡ የሚጠይቅ ነው። ለፕሬዚዳንትነት መምረጥ የሚቻለው አንድ ዕጩ ብቻ ነው፤ መበሳት ያለበትም ከዕጩው አጠገብ ካለው ቁጥር አጠገብ ካለው ቀስት አጠገብ ያለው ቀዳዳ ነው ይላል።

ማስታወሻውን ያወጡት የካውንቲው የምርጫ ኃላፊ ቴሬዛ ለፖር ናቸው። «አጠገብ» የሚለውን ቃል ቁጠሩት፤ ሦስት ጊዜ አለ። ከስም ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ቀስት፣ ከቀስት ወደ ቀዳዳ። ይህን ሰንሰለት አንድም ቀለበት ሳይበጥስ የሚከተል መራጭ የፈለገውን ይመርጣል። ዓይን ግን እንዲህ አይሠራም።

ጆርጅ ቡሽና አል ጎር ስለተፎካከሩበት ስለዚያ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የፖለቲካና የፍርድ ቤት ታሪክ ነው። እኔ የስልክ መተግበሪያ ገጾችን በመንደፍ የምተዳደር ሰው በመሆኔ የማነበው በሌላ በኩል ነው። በእኔ እምነት፣ ስሞችንና ቁልፎችን በአንድ ገጽ ላይ መደርደር የሰውን ሐሳብ እንዴት ከእጁ ሊለየው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ፣ ከዚህ የበለጠም በቁጥር የተመረመረ ጉዳይ የለም።

ወረቀቱ እንዴት ክንፍ አወጣ

ማሽኑ ቮቶማቲክ ይባላል። የፈለሰፉት በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር የነበሩት ጆሴፍ ሃሪስ ሲሆኑ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። መራጩ ጠንከር ያለ የወረቀት ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ ቁጥር እንጂ የማንም ስም የለም። ካርዱን ወደ ማሽኑ ያስገባዋል፤ በላዩ እንደ መጽሐፍ የሚገለጡ ገጾች አሉ፤ ስሞቹ የታተሙት እነሱ ላይ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ የቀዳዳ ረድፍ አለ። በቀጭን መብሻ አንዱን ቀዳዳ ሲወጉት ከሥሩ ያለው ካርድ ይበሳል። ካርዱ ተመዝዞ ከወጣ በኋላ መራጩ በእጁ የሚቀረው የተበሳ ቁጥር ብቻ ነው። «የመረጥከው እገሌን ነው» የሚለው ነገር የለም። ስህተቱን የሚያይበት መስታወት ስለሌለው ተሳስቶ እንኳ በሙሉ ልብ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በተለመደው አደራደር ስሞቹ በአንድ ገጽ ላይ፣ በአንድ ዓምድ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ ስም በቀኙ ቀዳዳውን ያገኛል። በ2000 ግን ይህ አስቸገረ። ፍሎሪዳ በ1998 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ለትንንሽ ፓርቲዎች በሩን ከፍታ ስለነበር የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ከነምክትሎቻቸው አሥር ጥንድ ደረሱ። አሥሩን ጥንድ በአንድ ገጽ መደርደር ፊደሉን ማሳነስ ነው። ፓልም ቢች ደግሞ ጡረተኞች የበዙበት ካውንቲ ነው። ለፖር ዓይናቸው የደከመ አረጋውያንን አሰቡ፤ ፊደሉ ትልቅ እንዲሆንም ስሞቹን በግራና በቀኝ ገጽ ከፍለው ቀዳዳዎቹን መሐል ላይ አደረጉ። ሁለቱ ገጾች ክንፍ፣ የቀዳዳው ረድፍ አካል ሆነ፤ «ቢራቢሮ» የሚለው ስም ከዚህ መጣ።

ይህን ውሳኔ ሳስብ በጣም ይከብደኛል፤ የመጣው ከቸልተኝነት ሳይሆን ከርኅራኄ ነውና። ወረቀቱን በነደፉት ሰው ላይ ብዙ ስድብ ወርዷል፤ እኔ ግን በየሳምንቱ ተመሳሳይ ውሳኔ የምንወስን ሰዎች እንዳለን አውቃለሁ። «ተጠቃሚው ፊደሉ አይታየውም» የሚል ቅሬታ ይመጣል፤ ፊደሉን እናሳድጋለን፤ ፊደሉ ሲያድግ የነገሮች ቦታ ይለወጣል፤ የቦታው መለወጥ ምን እንደሚያመጣ ግን ማንም አይጠይቅም። አንድን ቃል ማንበብ መቻልና ያ ቃል የየትኛው ቁልፍ እንደሆነ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፓልም ቢች የመጀመሪያውን አሻሽሎ ሁለተኛውን ሰበረው።

ዓይን ያየው

በፍሎሪዳ ሕግ የመጀመሪያው ቦታ የአገረ ገዥው ፓርቲ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በአገረ ገዥው ምርጫ ሁለተኛ የወጣው ፓርቲ። አገረ ገዥው የሪፐብሊካኑ ጄብ ቡሽ ስለነበሩ በግራው ገጽ አናት ላይ ጆርጅ ቡሽና ዲክ ቼኒ ተቀመጡ፤ ከሥራቸው የዴሞክራቶቹ አል ጎርና ጆ ሊበርማን። በቀኙ ገጽ አናት ላይ የሪፎርም ፓርቲው ፓት ቡካነን፣ ከሥራቸው የሶሻሊስት ፓርቲው ዴቪድ ማክሬይኖልድስ። የቀኙ ገጽ ሣጥኖች ከግራዎቹ ጥቂት ዝቅ ብለው ይጀምራሉ፤ ቀዳዳዎቹም ተራ በተራ አንዱ የግራ፣ ቀጣዩ የቀኝ ናቸው። ስለዚህ ቁጥር 3 የቡሽ፣ ቁጥር 4 የቡካነን፣ ቁጥር 5 የጎር፣ ቁጥር 6 የማክሬይኖልድስ ሆነ።

አሁን እንደ መራጭ ቁሙ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች የምታነቡ ሰዎች ናችሁ። ዓይናችሁ በግራው ገጽ አናት ይጀምራል፤ ቡሽ። አንድ ዝቅ ይላል፤ ጎር። የምትፈልጉትን አገኛችሁ፤ ሌላውን ገጽ ለማንበብ ምክንያት የላችሁም። ጎር ሁለተኛው ስም ናቸው። ወደ ቀዳዳዎቹ ትዞራላችሁ፤ ሁለተኛውን ትፈልጋላችሁ። ሁለተኛው ቀዳዳ የቡካነን ነው።

የቡሽ መራጭ ይህ ወጥመድ አልገጠመውም፤ የመጀመሪያው ስምና የመጀመሪያው ቀዳዳ በአንድ ላይ ናቸው። የወረቀቱ ጉዳት ያዳላው ማንም አስቦ ሳይሆን፣ አደራደሩ ከሁለተኛው ስም ጀምሮ ስለሚፈርስ ነው። የወረቀቱን ምስል ያየ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል፤ የቡሽንና የጎርን ሣጥን የሚለየው መስመር የሚያመራው ወደ ቁጥር 4 ቀዳዳ አቅራቢያ ነው። ቀስቱ «አምስት» ይላል፣ መስመሩ ግን ዓይንን ወደ አራት ይጎትታል።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ማክስ ቬርትሃይመር በ1923 ባሳተሙት ጥናት ነጥቦችን በተለያየ ርቀት ደርድረው ያሳዩት ይህንኑ ነው። የተቀራረቡ ነገሮች ገና ሳናስብ አንድ ቡድን ሆነው ይታዩናል። ይህ መሰብሰብ ከማንበብ ይቀድማል። ቀስትና ቁጥር ምልክት ናቸው፤ ትርጉማቸውን ለማወቅ ዓይን ቆም ማለት አለበት። መቀራረብና መስመር ግን ትርጓሜ አይጠይቁም። ሁለቱ ሲጣሉ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ቅርበት ነው። ለዚህ ነው ቀስት መጨመር ችግሩን ያልፈታው፤ ለዚህም ነው ያ ማስታወሻ ሰዎች በዓይናቸው ያዩትን በጆሮ ሊያስለውጥ ያልቻለው።

እውቀቱ ያኔ አዲስ አልነበረም። በ1959 አልፎንስ ቻፓኒስና ሊንደንባውም አራት ምድጃ ያለውን የኤሌክትሪክ ማብሰያ አጥንተዋል፤ ምድጃዎቹ በካሬ፣ ማብሪያዎቹ ግን በአንድ ረድፍ የተደረደሩበትን፣ ዛሬም በየቤታችን ያለውን። የትኛው ማብሪያ የየትኛው ምድጃ እንደሆነ ሰዎች ደጋግመው ተሳሳቱ። ምድጃዎቹ እንደ ማብሪያዎቹ ቅደም ተከተል ዘርዘር ተደርገው በተቀመጡበት አደራደር ግን ከ1,200 ሙከራ አንድም ስህተት አልተገኘም። ጽሑፍም ቀስትም አላስፈለገም። ከቢራቢሮው ወረቀት 41 ዓመት በፊት ማለት ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከጥቂት ጊዜ በፊት በታብሌት የሚሞላ ቅጽ ሲሞከር አጠገባቸው ተቀምጬ ያየኋቸው አንዲት እናት ነበሩ። የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ጥያቄ መልሶቹን በአንድ መስመር ደርድሯል፤ ያላገባ፣ ያገባ፣ የፈታ፣ የሞተበት፤ በመካከላቸው ራዲዮ በተን የምንላቸው ትንንሽ ክቦች። ክቡ የሚቀድመው ቃሉን ነው፤ ግን ከፊቱም ከኋላውም ያለው ክፍተት እኩል ነው። እናታችን «ያገባ» የሚለውን አነበቡና ቀጥሎ ያለውን ክብ ነኩ። «እማማ፣ ፈትተዋል እንዴ?» ስላቸው ደነገጡ። «ኧረ ልጄ፣ ምን ነካህ! ያገባ የሚለውን አንብቤ አይደል የነካሁት?» ልክ ናቸው። አንብበው ነው የነኩት። ቅጹን የነደፍኩት እኔ ነበርኩ። በዚያው ቀን መልሶቹን ከላይ ወደ ታች፣ እያንዳንዱን ከነክቡ በራሱ መስመር አደረግኋቸው።

ቁጥሮቹ የሚመሰክሩት

በፓልም ቢች ጎር 269,732፣ ቡሽ 152,951 ድምፅ አገኙ። ቡካነን 3,411። ይህ ቁጥር ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ጎረቤቶቹን ሲያዩ ግን ያስደነግጣል። በሕዝብ ብዛት በሚበልጡት በብሮዋርድና በማያሚ ዴድ ካውንቲዎች ቡካነን ያገኙት በብሮዋርድ ከ800 በታች፣ በማያሚ ዴድ ከ600 በታች ነው። ራሳቸው ቡካነን በቴሌቪዥን ቀርበው ወረቀቱን እንዳዩትና ሰው ጎርን የመረጠ መስሎት እሳቸውን ሊመርጥ እንደሚችል በቀላሉ እንደሚገባቸው ተናግረዋል። በስህተቱ የተጠቀመው ሰው ራሱ «ይህ የእኔ አይደለም» ሲል ክብር ይገባዋል።

ጉዳዩን በጥልቀት የመረመሩት ጆናታን ዋንድና አምስት ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጥናታቸው በ2001 በአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ መጽሔት ወጣ። ቡካነን በተወዳደሩባቸው 3,053 የአሜሪካ ካውንቲዎች ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ በጣም የራቀ ድምፅ የተመዘገበላቸው ፓልም ቢች ላይ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ሌላው ማስረጃ ነው። ከቤታቸው ሆነው በፖስታ ድምፅ የሰጡ የዚያው ካውንቲ ነዋሪዎች የደረሳቸው ወረቀት ክንፍ አልነበረውም። በምርጫው ዕለት በጣቢያ ከተሰጠው ድምፅ የቡካነን ድርሻ በፖስታ ከመጣው አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በሌሎቹ የፍሎሪዳ ካውንቲዎች በሁለቱ መካከል ይህን የመሰለ ልዩነት የለም። ያው ሕዝብ፣ ያው ዕጩዎች፣ የተለወጠው ገጹ ብቻ። በምርጫው ዕለት ለቡካነን የተበሱት ካርዶች ደግሞ ይበልጡን ለሴኔት ዴሞክራቱን ከመረጡ ሰዎችና ዴሞክራቶች ከሚበዙባቸው ጣቢያዎች የመጡ ናቸው። አጥኚዎቹ ከ2,000 በላይ የዴሞክራት መራጮች በስህተት ቡካነንን እንደመረጡ ደመደሙ። ቡሽ ፍሎሪዳን፣ በእሷም ፕሬዚዳንትነቱን ያሸነፉበት ልዩነት 537 ድምፅ ነበር።

ይህ የሚቆጥረው በአንድ ቀዳዳ የተሳሳቱትን ብቻ ነው። ሁለት ቀዳዳ የበሱ ሰዎች ድምፅ ጨርሶ አልተቆጠረም፤ በካውንቲው ከ19,000 በላይ ካርዶች በዚህ ምክንያት ተጣሉ። በኋላ ጋዜጠኞች ካርዶቹን አንድ በአንድ ሲመረምሩ ከ5,000 በላይ የሚሆኑት 4 እና 5 ቁጥርን፣ ማለትም ቡካነንንና ጎርን የበሱ ሆነው ተገኙ። ከ2,800 በላይ የሚሆኑት ደግሞ 5 እና 6ን፤ ጎርንና ማክሬይኖልድስን። በፖለቲካ ካያችሁት ትርጉም የለውም፤ ጎርንም ሶሻሊስቱንም አንድ ላይ ማን ይመርጣል? በዓይን ካያችሁት ግን ግልጽ ነው። በጎር ሣጥን ውስጥ ሁለት ስሞች አሉ፣ ፕሬዚዳንትና ምክትል፤ በሣጥኑ አጠገብም ሁለት ቀዳዳዎች። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ቀዳዳ። አንዳንዱም ተሳስቶ አራትን ከበሳ በኋላ ስህተቱን አይቶ አምስትን ጨመረ ብሎ ማሰብ ይቻላል። በካርድ ላይ የተበሳ ቀዳዳ አይመለስም፤ አዲስ ካርድ መጠየቅ ይፈቀዳል፣ ግን ሰልፍ እየጠበቀ ያንን የሚጠይቅ ስንት ሰው ነው?

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ የምርጫው ውዝግብ ገና ሳይቋጭ፣ በሮበርት ሲንክሌር የሚመሩ ተመራማሪዎች በካናዳዋ ኤድመንተን ከተማ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ለሸማቾች የካናዳ ፖለቲከኞች ስም ያለበት ወረቀት ሰጡ፤ ለገሚሱ ባለአንድ ዓምድ፣ ለገሚሱ እንደ ፓልም ቢቹ ባለሁለት። በባለአንድ ዓምዱ የተሳሳተ አልነበረም። በባለሁለቱ አራት ሰዎች ተሳሳቱ። ኤድመንተን ውስጥ ማንም ሰው «የፍሎሪዳ ሽማግሌ» አልነበረም። «ማንበብ የማይችሉ ሰዎች» እየተባለ በዚያ ሰሞን ለተነገረው ንቀት መልሱ ይህ ነው።

ማንም ያላየው ለምንድን ነው

የድምፅ መስጫው ናሙና ከምርጫው በፊት በጋዜጣ ታትሟል፣ በፖስታም ለመራጮች ተልኳል። ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች አይተውታል፤ አልተቃወሙም። ይህን እየጠቀሱ «ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉ?» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። መልሱ፣ ጠፍጣፋ ናሙናን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስሞቹ በትክክል መጻፋቸውን ማጣራት ሌላ፣ ማሽን ፊት ቆሞ መብሻ ይዞ አንድ ቀዳዳ መምረጥ ሌላ መሆኑ ነው። የሚያጣራ ሰው ሁሉንም ያነባል። የሚመርጥ ሰው የሚፈልገውን ብቻ ይፈልጋል። እኛም ሥራችንን ለአለቃ በፕሮጀክተር ስናሳይ የምንሳሳተው በዚሁ ነው፤ አለቃው ገጹን ያያል እንጂ አይጠቀምበትም።

«በጥቂት ሰዎች ላይ ቢሞክሩት ኖሮ ይገኝ ነበር» ይባላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አምን ነበር። ከዚያ ስሌቱን ሠራሁት። በስህተት ለቡካነን የሄዱትን 2,000 እና ሁለቱን አንድ ላይ የበሱትን 5,000 ያህል ሁሉንም የጎር መራጮች ናቸው ብንል እንኳ፣ ከጎር መራጮች ውስጥ ከመቶ ሁለት ተኩል ገደማ ናቸው። በሥራችን እንደለመድነው አምስት ሰው ጠርተን ብንሞክር፣ ከአምስቱ አንዱ እንኳ ሲሳሳት የማየት ዕድላችን ከስምንት አንድ ያህል ነው። ከስምንት ጊዜ ሰባቱን «ሁሉም በትክክል መረጡ» ብለን ሪፖርት እንጽፍ ነበር። በጥቂት ሰው የሚደረግ ሙከራ ብዙ ነገር ያሳያል፤ ከአርባ ሰው አንዱን የሚጥል ጉድጓድ ግን አያሳይም። እዚያ ላይ የሚያድነው ሰዎቹ ሲያመነቱ፣ መብሻውን አንስተው ወደ ኋላ ሲመልሱ ማስተዋልና፣ ቅርበትና ቅደም ተከተል ከተጣሉ አደራደሩ ስህተት ነው ብሎ ገና ከመጀመሪያው መጣል ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 1 ቀን 2000 ወረቀቱ ምርጫውን የሚያሽር የሕግ ጥሰት የለበትም ብሎ አቤቱታውን ዘጋው። ፍርድ ቤቱ የመረመረው ሕጉ መጣሱን እንጂ ዓይን ስምንና ቀዳዳን ማገናኘቱን አልነበረም። ፍሎሪዳ በ2001 የሚበሳ ካርድን በሕግ ከለከለች፤ ለፖር በ2004 ምርጫ ተሸንፈው ኃላፊነታቸውን አጡ።

ካርዱ ሲጠፋ ችግሩ አብሮት የጠፋ መሰለ። በ2006 በፍሎሪዳዋ ሳራሶታ ካውንቲ፣ አሁን በንክኪ ስክሪን፣ በኮንግረስ ምርጫ ከ18,000 በላይ መራጮች ለዚያ ውድድር ምንም ሳይመርጡ አለፉ። አሸናፊው የበለጡት በ369 ድምፅ ነበር። ማሽኑ ተመረመረ፤ ጥፋት አልተገኘበትም። ስክሪኑን ያጠኑ ምሁራን ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው። ሁለት ዕጩ ብቻ ያለው የኮንግረስ ውድድር በገጹ አናት ላይ ተሸጉጧል፤ ከሥሩ ቀለም የተቀባ ሰፊ ርዕስ፣ ከርዕሱ ሥር ረጅሙ የአገረ ገዥ ውድድር። ዓይን ገጹ የሚጀምረው ከባለቀለሙ ርዕስ መስሎት ከላይ ያለውን እንደ ራስጌ ጽሑፍ አለፈው። በጎረቤቷ ቻርሎት ካውንቲ የኮንግረሱ ውድድር ከአገረ ገዥው ጋር በአንድ ስክሪን ስላልነበር እንዲህ አልታለፈም፤ እዚያ ደግሞ ከአገረ ገዥው ጋር በአንድ ስክሪን የተቀመጠው የጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ውድድር ታለፈ።

በ2007 የአሜሪካ የምርጫ እገዛ ኮሚሽን ከግራፊክ ዲዛይነሮች ማኅበር ጋር የተዘጋጀ የወረቀትና የስክሪን አደራደር መመሪያ አወጣ፤ ከመመሪያው ምክሮች አንዱ መመሪያ ጽሑፍና ውድድር በአንድ ዓምድ እንዳይደራረቡ ነው። በ2018 የፓልም ቢች የቅርብ ጎረቤት ብሮዋርድ ካውንቲ በሦስት ቋንቋ የተጻፈውን ረጅም መመሪያ በግራው ዓምድ አስቀምጦ የሴኔቱን ውድድር ከሥሩ አተመ። በካውንቲው ለሴኔት የተሰጠው ድምፅ ለአገረ ገዥ ከተሰጠው ከ20,000 በላይ አነሰ፤ በግዛቲቱ የሴኔት ውድድር የነበረው ልዩነት ወደ 10,000 ገደማ ነበር። የሴኔቱን ውድድር ካለፉት ብዙዎቹ ወረቀቱን ማንበብ የጀመሩት ከመሐለኛው ዓምድ ሳይሆን አይቀርም።